«ሥር ማቀፊያ»፦ ያለ አፈር ለሚበቅል አትክልት ስለሚመረጠው ነገርና ስለ ስያሜው

ይህ ጽሑፍ የአንድ ቃል እርማት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ስለ ቤት ውስጥ አትክልት አበቃቀል ለተዘጋጀ አንድ አነስተኛ የመማሪያ ጽሑፍ የቃላት ዝርዝር እንዳቀርብ ተጠይቄ፣ አትክልት ያለ አፈር በሚበቅልበት ዘዴ ሥሩ የሚቆምበትን ጠጠር፣ አሸዋ ወይም ሌላ መሰል ነገር «የአፈር ምትክ» ብዬ ሰይሜው ነበር። ስያሜው አጭር ነው፤ ሁለቱም ቃላት ማንም የሚያውቃቸው ናቸው፤ ለጆሮም አይከብድም። ስለዚህ ተቃውሞ ሳይገጥመው አለፈ። ስሕተት መሆኑን የተረዳሁት ጀውሃ ላይ ነው።

ጀውሃ ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የይፋት ቆላ ከተማ ናት። በአካባቢው መስኖ የቆየ ልማድ ነው፤ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ይለማሉ፣ ማሽላ፣ ጤፍና ማሾ ይዘራሉ። ለቃላት ስብሰባ ወደዚያ በሄድኩበት ወቅት ምሳ የበላሁበት አነስተኛ ምግብ ቤት ባለቤት፣ በዕድሜ ከእኔ የማያንሱ እናት፣ በጓዳቸው መስኮት ሥር የደረደሯቸውን ሦስት ባልዲዎች አሳዩኝ። ሰላጣ በቆላው ፀሐይ ሜዳ ላይ ሲተከል ቅጠሉ ሳይሰፋ ወደ አበባ ስለሚሮጥባቸው በቤት ጥላ ውስጥ ለማብቀል አስበዋል። ልጃቸው ከአዲስ አበባ ያመጣላቸውን ጽሑፍ ተከትለው ባልዲዎቹን በቀይ ጠጠር ሞልተው፣ ዘሩን ዘርተው፣ ጠዋትና ማታ ንጹሕ ውሃ አጠጥተዋል። ዘሩ በቅሏል፤ ሁለት ሦስት ቅጠልም አውጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ግን ቢጫ ሆኖ ቀርቷል። ጽሑፉን ሲያቀርቡልኝ የቃላቱን ዝርዝር ያዘጋጀሁለት ያው ጽሑፍ ነበር።

«ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ‹የአፈር ምትክ› ይላል። ምትክ ከሆነ የአፈሩን ሥራ ለምን አይሠራም?» አሉኝ።

«እትዬ፣ እውነትዎን ነው» ከማለት በቀር መልስ አልነበረኝም። ምግቡ በውሃው ውስጥ ተበጥብጦ መሰጠት እንዳለበት ጽሑፉ ከጥቂት ገጾች በኋላ ይናገራል። እርሳቸው ግን ወደዚያ ገጽ የሚሄዱበት ምክንያት አልነበራቸውም፤ ስያሜው ራሱ አስቀድሞ ነግሯቸዋል።

በአማርኛ «ምትክ» የሚባለው በሌላው ቦታ ገብቶ የሌላውን ሥራ በሙሉ የሚይዝ ነው። መሬቱ ለመንገድ የተወሰደበት ሰው «ምትክ ቦታ» ሲሰጠው፣ ቤት የሚሠራበት ወይም የሚያርስበት መሬት እንጂ ቆሞ የሚያየው ስፍራ እንደማይሰጠው ያምናል። ተተኪ ሹምም እንዲሁ የቀድሞውን ሹም ሥልጣን ሙሉ በሙሉ ይረከባል። ስለዚህ «የአፈር ምትክ» የሚለውን የሰማ ሰው፣ ነገሩ ሥርን ይይዛል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ያበላልም ብሎ ቢያምን፣ የተሳሳተው ቋንቋውን በማወቁ ነው።

አፈር በእርግጥ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል። ተክሉን አቁሞ ይይዛል፤ ውሃ ይቋጥራል፤ በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ክፍተት ለሥሩ አየር ያደርሳል፤ ንጥረ ምግብ ያስቀምጣል፣ ይለውጣል፣ ይመግባል። የመጨረሻው ሥራ ከሌሎቹ ሊነጠል እንደሚችል በማያሻማ ሁኔታ ያሳዩት በ19ኛው ምእተ ዓመት አጋማሽ ዩልየስ ፎን ዛክስና ቪልሄልም ክኖፕ የተባሉ ጀርመናውያን የዕፀዋት ተመራማሪዎች ናቸው። የታወቁ ጨዎችን በውሃ አሟሙተው፣ አፈር በሌለበት፣ ተክልን ከዘር ጀምሮ አሳደጉ። ዛሬ ከአየርና ከውሃ ከሚገኙት ከካርቦን፣ ከሃይድሮጅንና ከኦክስጅን ሌላ ለተክል ግድ የሆኑ 14 ንጥረ ነገሮች ይቆጠራሉ፤ ያለ አፈር በሚደረገው አበቃቀል እነዚህ ሁሉ የሚመጡት ከበጥባጩ እጅ ነው። ጠጠሩ አንዱንም አይጨምርም።

እዚህ ላይ ለገበሬ አንባቢ አንድ ነገር ማከል ያስፈልጋል። እኚያ እናት በሁለተኛው ሙከራቸው ዩሪያ በውሃ በጥብጠው አጠጥተው ነበር፤ ሰላጣው አልዳነም። ዩሪያ በማሳ ላይ የሚጠቅመው አፈር ውስጥ ያሉ ደቂቅ ሕያዋን ሰብረው ተክሉ ወደሚወስደው መልክ ስለሚለውጡት ነው። አዲስ በታጠበ ጠጠር ውስጥ እነዚህ ሠራተኞች እምብዛም የሉም። በዚያም ላይ ዩሪያ ናይትሮጅን ብቻ እንጂ ፖታስየም፣ ካልስየም፣ ማግኒዝየምና ብረት የሉበትም። «ምትክ» የሚለው ቃል ይህንንም ደብቆባቸዋል፤ አፈሩ ያደርግ የነበረውን የለውጥ ሥራ ጠጠሩ እንደማያደርገው የሚጠቁም ምንም ነገር የለውም።

የዘዴው ስም ራሱ ከክርክር ነፃ አይደለም። «ሃይድሮፖኒክስ» የሚለው ስም በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ በነበሩት በዊልያም ጌሪክ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1937 በጽሑፍ የወጣ ነው፤ ቃሉን የጠቆሟቸው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ ዊልያም ሴቸል መሆናቸውን ጌሪክ ገልጸዋል። ከሁለት የግሪክ ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ አንደኛው «ውሃ»፣ ሁለተኛው «ድካም፣ ሥራ» ማለት ነው። በአማርኛም «ድካም» ሥራን ስለሚያመለክት «የውሃ ድካም» ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም ይሆናል፤ ነገር ግን ሰሚው ውሃ መቅዳት ይመስለዋል። «የውሃ እርሻ» የሚለው ስያሜ ደግሞ እንደ ጀውሃ ባለ ስፍራ ፈጽሞ አይሆንም። ከቦይ ውሃ ጠልፎ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው «የውሃ እርሻ አለህ ወይ?» ቢባል «አዎን» ብሎ መስኖውን ያሳያል። «ያለ አፈር እርሻ» ይሻላል፤ የሌለውን ነገር ቢናገርም የሚናገረው እውነት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ «ያለ አፈር አበቃቀል» እላለሁ፤ «እርሻ» ማረስን ስለሚጠራ ለሦስት ባልዲ ይበዛል።

(በመንገዴ ላይ የጀውሃ ስም መጨረሻ «ውሃ» መሆኑን ጠቅሰው ትርጉሙን ሊያስረዱኝ የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። ድምፅ ከድምፅ ገጥሞ የሚገኝ ትርጉም ደስ ያሰኛል፤ ማስረጃ ግን አይሆንም። የቦታ ስም ጥናት ሌላ ሙያ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።)

«የቤት ውስጥ የጓሮ አትክልት» የሚለውም አነጋገር ይታረም ዘንድ አሳስባለሁ። ጓሮ ከቤት ጀርባ ያለ ስፍራ ነውና ከቤት ውስጥ ሊገባ አይችልም። «የቤት ውስጥ አትክልት» በቂ ነው።

ወደ ዋናው ቃል ልመለስ። በቃል ስየማ የተለመደው ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ በቋንቋው ያለውን ቃል ማስፋት፣ ካልተገኘ ወደ ሌሎች የሀገሪቱ ቋንቋዎችና ወደ ግዕዝ መሄድ፣ በመጨረሻ መዋስ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ለመከተል የመጀመሪያው እርምጃ በሰው አፍ ያሉትን ስያሜዎች መመዘን ነው።

በአበባና በአትክልት ድርጅቶች ዘንድ ተደጋግሞ የሚሰማው «ሚዲያ» ነው። ይህ ቃል በአማርኛ ጋዜጣን፣ ሬዲዮንና ቴሌቪዥንን ይዞ ሥር ስለ ሰደደ ሁለተኛ ትርጉም አይቀበልም፤ «ሚዲያው ንጹሕ መሆን አለበት» የሚል መመሪያ ያነበበ ሰው ስለ ጠጠር መነገሩን እንዴት ያውቃል? «ሰብስትሬት» በበኩሉ በኬሚስትሪና በሥነ ሕይወት ሌላ ሥራ አለው። ከዚህም በላይ ለምግብ ቤት ባለቤቷ ስለ ነገሩ ምንም አይነግርም። የተውሶ ቃል የሚኮነነው ባዕድ በመሆኑ አይደለም። «ሰጋቱራ» ከጣልያንኛ መጥቶ ዛሬ የማንም አናጢ ቃል ሆኗል፤ ምክንያቱም ነገሩና ቃሉ አንድ ላይ ተያይዘው ገቡ። ጠጠርና አሸዋ ግን ከእኛው ዘንድ የነበሩ ናቸው፤ አዲስ የሆነው የሚሰጣቸው ሥራ ነው፤ ስያሜውም መግለጽ ያለበት ያንን ሥራ ነው።

«መደብ» ጥሩ ቃል ነው። «የችግኝ መደብ» በሽንኩርት አልሚዎች ዘንድ የታወቀ ሲሆን ከፍ ተደርጎ የተደለደለውን መሬት ያመለክታል። ነገር ግን መደብ ቦታው ነው እንጂ በቦታው ውስጥ ያለው ነገር አይደለም። በዚያም ላይ ከቤት ውስጥ መቀመጫ እስከ ኅብረተሰብ ክፍል ድረስ የተሸከማቸው ትርጉሞች ብዙ ናቸው። «ማብቀያ» የሚለውን አንድ የሥራ ባልደረባዬ አጥብቀው ይደግፉታል። እኔ ሁለት እንከን አገኝበታለሁ። አንደኛው፣ በቀለ የሚለው ግሥ የዘሩን መውጣት እንጂ የተክሉን ማደግ በደንብ አይሸፍንም፤ ጠጠሩ ግን እስከ መከር ድረስ ያገለግላል። ሁለተኛው፣ ከዚሁ ግሥ «ብቅል» ስለሚወጣ ጠላ በሚጠመቅበት ቤት «ማብቀያ» ቢባል የሚታሰበው ገብስ ነው። «ሥር መያዣ» ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ተክሉ የሚቀመጥበትን ባለ ቀዳዳ ኩባያ የሚጠራ ይመስላል። «መያዣ» ለብቻው ሲነገርም ብድር ያስታውሳል።

እነዚህን ሁሉ ካየሁ በኋላ የማቀርበው «ሥር ማቀፊያ» የሚለውን ነው። ማቀፍ በዙሪያ መክበብ ነው፤ ጠጠሩም ሥሩን ከአንድ ወገን ሳይሆን ከሁሉም ወገን ይከብበዋል። ማቀፍ ደግፎ መያዝም ነው። ከሁሉ በላይ ግን ማቀፍ ማብላት አይደለም። ዶሮ እንቁላሏን ስትታቀፍ ሙቀት ትሰጣለች እንጂ ጥሬ አታጎርሰውም፤ የጫጩቱ ስንቅ ከእንቁላሉ ውስጥ ነው። ይህን ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ «ሥር ማቀፊያ» ሲባልም «ታዲያ ምግቡ ከየት ይመጣል?» ብሎ እንዲጠይቅ ቃሉ ራሱ በር ይከፍትለታል። ከአወቃቀር አንጻር «አቀፈ» ከሚለው ግሥ በ«ማ…ኢያ» የተገኘ የመሣሪያ ስም ስለሆነ የተለመደውን መንገድ የተከተለ ነው። «ማቀፊያ» ለእንቁላልና ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃንም ይነገራል፤ «ሥር» የሚለው ተጨማሪ ግን ይለየዋል። ለመዝገበ ቃላት የሚሆነው ፍች እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ሥር ማቀፊያ፣ ስም፤ ያለ አፈር በሚደረግ አበቃቀል የተክልን ሥር ከብቦ የሚይዝ፣ ውሃና አየር የሚያቆይ፣ ነገር ግን የማይመግብ ጠጠር፣ አሸዋ፣ ጭረት ወይም ሌላ ነገር።

በፍችው ውስጥ «የማይመግብ» የሚለውን ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። የእንግሊዝኛ ሙያ ጽሑፎች ለዚህ ባሕርይ አንድ ቃል አላቸው፤ በእኛ ዘንድ አንዳንዶች «ገለልተኛ» ይሉታል። «ገለልተኛ» ግን ኮምጣጣም ጨዋም ላልሆነ ውሕድ ተይዟል። አንድ ሥር ማቀፊያ ምንም የማይመግብ ሆኖ ሳለ ገለልተኛ ላይሆን ስለሚችል ሁለቱን በአንድ ቃል መጥራት አደጋ አለው። ለጊዜው በሐረግ መተዉን መርጫለሁ።

ፍችው ሦስት ጥያቄ ያስነሣል፤ ሥር ማቀፊያ የሚመርጥ ሰውም የሚጠይቀው እነዚህኑ ነው። ምን ያህል ውሃ ያቆያል? ምን ያህል አየር ይተዋል? ከራሱ ወደ ውሃው የሚጨምረው ነገር የለም ወይ?

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ሰው በጓዳው ሊለካቸው ይችላል። 1 ሊትር የሚይዝ ቆርቆሮ በደረቁ ነገር እስከ አፉ ይሞላል፤ ከዚያ ውሃ በልክ እየተለካ፣ ከላይ እስኪታይ ድረስ ቀስ ብሎ ይጨመርበታል። ሌሊቱን አሳድሮ የጎደለው ይሞላለታል። የገባው ውሃ ጠቅላላ የክፍተቱ ልክ ነው። የቆርቆሮው ታች ተበስቶ የሚፈሰው ውሃ ሲለካ፣ የፈሰሰው ያህል ቦታ አየር ገብቶበታል ማለት ነው፤ ያልፈሰሰው ደግሞ ማቀፊያው ያቆየው ነው። ለምሳሌ ግማሽ ሊትር ገብቶ 2 መቶ ሚሊ ሊትር ቢፈስ፣ ከመቶ 20 እጁ አየር፣ 30 እጁ ውሃ ሆኗል። ደቃቅ አሸዋ በዚህ ፈተና ብዙ ውሃ ይዞ አየሩን ሲነፍግ፣ ደረቅ ጠጠር ውሃውን ሁሉ ለቆ ባዶውን ሲቀር ይታያል።

ሦስተኛው ጥያቄ በኮምጣጤ ይፈተናል። በጥቂት ደረቅ አሸዋ ወይም ጠጠር ላይ ኮምጣጤ ሲፈስበት አረፋ ቢያወጣ ኖራ መሰል ነገር አለበት። እንዲህ ያለው የበጥባጩን ውሃ ኮምጣጣነት እየቀነሰ ብረትንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችን ከሥሩ ያርቃል። አብዛኛው አትክልት የሚወደው የኮምጣጣነት ልክ ከ5.5 እስከ 6.5 ያለው ነው። አረፋ የሚያወጣውን መተው ነው።

አሁን ወደ ጀውሃው ባልዲ እንመለስ፤ ቀይ ጠጠሩ ጥፋት አልነበረበትም። ይህ ግንበኞች «ሬድ አሽ» የሚሉት ቀላል፣ ብስ የበዛበት፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ነው። በስምጥ ሸለቆ በቢሾፍቱና በአዳማ አካባቢ ከኮረብቶች እየተቆፈረ ይወጣል፤ በሀገራችን አንዳንድ የጽጌረዳ እርሻዎችም ሥር ማቀፊያ አድርገውታል። ስሙ ግን ሌላ ችግር ነው። «አሽ» በእንግሊዝኛ አመድ ማለት ሲሆን ይህ ነገር በአማርኛችን አመድ ከምንለው ጋር አይገናኝም፤ አመድ ውሃን ጨዋማና የሚፋጅ ያደርጋል፣ ይህ ጠጠር ግን አያደርግም። «ቀይ አመድ» ብሎ የተረጎመ ሰው የምድጃ አመድ በባልዲ ሊያስሞላ ይችላል። «ቀይ የገሞራ ጠጠር» ብንል አንሳሳትም። «እሳተ ገሞራ» የሚለው ራሱ ከመጽሐፍ ቅዱስ ከተማ ስም ተነሥቶ ለተራራ እሳት የተሰጠ፣ ዛሬ ሕፃን ተማሪ ሳይቀር የሚያውቀው የተሳካ ስያሜ ነው።

በጀውሃ ለምን የገሞራ ጠጠር? ነገሩ ሙቀት ነው። ውሃ በሞቀ መጠን የሚሟሟበት ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በባሕር ወለል ልክ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሊትር 9 ሚሊ ግራም ያህል የሚይዘው ውሃ፣ በ30 ዲግሪ 7.5 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። ሥሩ ደግሞ በሙቀት የበለጠ ይተነፍሳል። ደጋ ላይ ጥሩ የሆነው ውሃ የበዛበት ደቃቅ ማቀፊያ ቆላ ላይ ሥር ያበሰብሳል። ስለዚህ አየር የሚተው መመረጥ አለበት፤ ቶሎ ስለሚደርቅም ደጋግሞ ማጠጣት ይጠይቃል። በራሱ ብሶች ውስጥ ውሃ የሚያቆይ፣ በቅንጣቶቹ መካከል ግን አየር የሚተው የገሞራ ጠጠር ለዚህ ይስማማል። መጠኑ ከማሾ ፍሬ እስከ ሽምብራ ፍሬ ቢሆን መልካም ነው፤ ዱቄቱ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ታጥቦ መውጣት አለበት። ከአዳማ ማስጫን የማይችል ሰው ከወንዝ ዳር የሚገኘውን ሸካራ አሸዋ በወንፊት ነፍቶ፣ በኮምጣጤ ፈትኖ ሊጠቀም ይችላል፤ ክብደቱን ግን ይቻለው። የጡብ ስብርባሪና ገልም ሲደቅቁ ያገለግላሉ።

ሰጋቱራን ብዙ ሰው ይመኛል፤ በነፃ ስለሚገኝ ነው። ትኩሱ ሰጋቱራ ሲበሰብስ ከውሃው ናይትሮጅን ይሻማል፣ እያደርም ይጠቀጠቅና አየር ይዘጋል። ጭድና ገለባም እንዲሁ ናቸው። እነዚህ «የማይመግብ» የሚለውን ፍች አልፈው ከተክሉ ጋር የሚበሉ ናቸውና ለጀማሪ አልመክራቸውም።

ከውጭ የሚመጡት ሥር ማቀፊያዎች ገና ስም ይጠብቃሉ። ከኮኮናት ልጣጭ የሚሠራውን «የኮኮናት ጭረት» ማለት አያስቸግርም፤ ጨው ሊኖርበት ስለሚችል ታጥቦ መግባት እንዳለበት ብቻ ይነገር። በእሳት ነፍቶ እንክብል የሆነውን ሸክላ «የተነፋ ሸክላ» እላለሁ። ከገሞራ መስታወት ተግሎ እንደ ፈንዲሻ የሚፈነዳውን ነጭ ቅንጣት ገበያው «ፐርላይት» ስላለው እንዲሁ ቢቀር ይሻላል። ያከራከረን ከ1500 ዲግሪ በላይ ቀልጦ እንደ ክር የሚፈተለው ድንጋይ ነው። ባልደረቦቼ የውጭውን ስም ተከትለው «የድንጋይ ሱፍ» ይላሉ። እኔ «የድንጋይ ጥጥ» የሚለውን አዘነብላለሁ፤ ባዘቶው ለዓይን የሚመስለው ጥጥን ነው፣ በይፋት ቆላም ጥጥን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ጥጥ ይበሰብሳል፣ ይህ አይበሰብስም፤ በ«ምትክ» የሠራሁትን ስሕተት በ«ጥጥ» እንዳልደግመው ፈርቼ ውሳኔውን አቆይቼዋለሁ።

ለምግብ ቤት ባለቤቷ የታረመውን ጽሑፍ ልኬላቸዋለሁ። ከዩሪያው ይልቅ ሁሉም ንጥረ ነገሮች የተሟሉበትን የሚሟሟ ማዳበሪያ እንዲገዙ ጻፍኩላቸው፤ የፊተኛውንም ጠጠር አጥበው መልሰው እንዲጠቀሙበት።